ስድስተኛዋ ጣት

«በቀራፂው ስካር ምክንያት በስህተት የተጨመረችው ስድስተኛ ጣት ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በግንበኛ ተፈልፍላ ትነሣ፤ የሐውልቱም እጅ እንደ ማንኛውም ሰው እጅ እንዲሆን ይስተካከል።»

የሰፈሩ ማስዋብ ኮሚቴ ጸሐፊ ይህን ከቃለ ጉባኤው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የእድሩ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ደርሰው ነበር። የመጡት የሴቶቹን ክፍል መዝገብ ለማስረከብ እንጂ የሌላውን ስብሰባ ለማዳመጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ በሩ ገርበብ ብሎ ስለ ነበር እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ተሰማቸው። ከንባቡ ቀጥሎ አንዱ የኮሚቴ አባል «እንኳን ጣት ብቻ ሆነ! ሁለት ጃምቦ ቢደግም ኖሮ ሁለተኛ ራስ ይጨምርላት ነበር» ሲል አምስቱም ሰዎች ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሐውልቱን የሠራው ሚሳኤል የእሳቸው ታናሽ ወንድም መሆኑን፣ በግቢያቸው ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል እንደሚኖርም በዚያ ሰፈር የማያውቅ ሰው የለም።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረው፣ ከዚህም ውስጥ አሥራ አራቱን በርእሰ መምህርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሐውልቱ ስድስት ጣት እንዳለው አይክዱም፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በተመረቀበት ዕለት ራሳቸው ቆጥረዋል። በዚያው ዕለት ወንድማቸው በሰው ሁሉ ፊት «ሰክሬ ነበር» ብሎ በገዛ አፉ ሲናገርም ሰምተዋል። ያን ቀን ከእፍረት የተነሣ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመርጡ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ቃሉ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሲነበብ መስማት አላስቻላቸውም። በአፍ የተነገረ ነገር ሲነጋ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ሰውየው ካለፈ በኋላም ስለ እሱ ሲናገር ይኖራል። ሰው ሳይጠራና ሳይጠየቅ ጥፋቱ ተጽፎ ሲጸድቅ አይተው ዝም ማለት ደግሞ ልማዳቸው አይደለም፤ በሥራ ዘመናቸው በአንድ ተማሪ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ፍርድ አልሰጡም።

«ስካር የሚለው ቃል በምን ማስረጃ ተጻፈ?» አሉ።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ዳኜ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ራሱ ሚሳኤል ነው እኮ የተናገረው። አገር ሰምቶታል።»

«አሁን ጠርታችሁ ጠይቃችሁታል?»

«አልጠየቅነውም።»

«እንግዲያው ሳይጠየቅ ተፈርዶበታል።»

አቶ ዳኜ ክፉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን በባንክ ጸሐፊነት ያሳለፉ፣ ወረቀትን የሚፈሩና የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ግንበኛው ተነግሮታል፤ በስምንት ሰዓት ይመጣል። ከዚያ በፊት ሌላ ማስረጃ ካመጡ ቃሉን በገዛ እጄ እሰርዘዋለሁ፤ ጣቷም አትነካም። ካላመጡ ግን እንዳይቀየሙን» አሉ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ መዝገቡን አስረክበው፣ አስፈርመው ወጡ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ቤታቸው ሲደርሱ ሚሳኤል ጓሮ ውስጥ ተንበርክኮ አሸዋና ሲሚንቶ ያላቁጣል። አሁን የሚሠራው የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ ትልቁ አራት መቶ ብር፣ ትንሹ ሁለት መቶ ሃምሳ። ከዚያ የሴት ሐውልት በኋላ ማንም ትልቅ ሥራ ሰጥቶት አያውቅም። እኅትና ወንድም በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፤ የሚነጋገሩትም ውሃ የሚመጣበትን ቀን፣ የመብራት ካርዱ ማለቁን፣ የወጡን ጨው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ያለፈ ቃል በመካከላቸው አልተመላለሰም። እሳቸው አንድ ጊዜ ተናግረው ጨርሰዋል፤ «አዋርደኸኛል» ብለውታል። እሱ ደግሞ መልስ አልሰጠም። ዝምታው በመጀመሪያው ሳምንት እንደ እንግዳ ነበር፤ በኋላ ግን እንደ ቤቱ ዕቃ ሆኖ ማንም ሳያየው የሚታለፍ ነገር ሆነ።

«የሐውልቷን ጣት ዛሬ ሊያነሡ ነው» አሉት ቆመው።

«ያንሷት።»

«ምክንያቱንም ጽፈዋል። ስካር ብለዋል። ሰክረህ ነበር?»

ሚሳኤል የሲሚንቶ ማንኪያውን ባልዲው ጠርዝ ላይ ጠረገ። «ያኔ ተናግሬያለሁ እኮ፣ እታለም።»

«ያኔ የተናገርኸውን አልጠየቅሁህም።»

ቀና ብሎ አያቸውና እንደገና ወደ ሲሚንቶው አጎነበሰ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። የተንበረከከውን ወንድማቸውን ጀርባ እየተመለከቱ ሳለ ከዚህ በፊት ጠይቀው የማያውቁትን ጥያቄ ራሳቸውን ጠየቁ። ሐውልቱ በሚሠራበት በዚያ ዓመት ሚሳኤል በየምሽቱ በዚህ በር ሲገባ የሚሸተው ሲሚንቶና ጀሶ ነበር። የክፍሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ማስቲካ የሚያኝክ ተማሪ የማያመልጣቸው ሴት፣ በአንድ ምሽት እንኳ የመጠጥ ሽታ ሸቷቸው ነበር? አልሸተታቸውም። ይህን እንዴት እስከ ዛሬ አላሰቡትም? መልሱ ደስ የሚል አልነበረም። ወንድማቸው በየግሮሰሪው መቀመጡን ስለሚጠሉ፣ ጥፋቱን ሲናገር ሲሰሙ ጥርጣሬያቸው እውነት ሆኖ ስለ ተገኘ በውስጣቸው ረክተው ነበር። ለማመን የቸኮሉት ለዚህ ነው።

«ያኔ የምትቀመጥበት ግሮሰሪ የትኛው ነው?» አሉ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«መልስልኝ።»

«ከታክሲ ተራው ጀርባ ያለው ድራፍት ቤት ነዋ። ኧረ አንቺ ግሮሰሪ ልትገቢ ነው?» ብሎ ሊስቅ ቃጣው፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ስም ወደሚጠራው ወደ ሀይሌ ጋርመንት ሲወርዱ መጀመሪያ ሐውልቷ ዘንድ ቆሙ። በኮንዶሚኒየሞቹና በታክሲ ተራው መካከል ባለችው ትንሽ አደባባይ፣ የስፌት ሠራተኛ የሆነች ሴት ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ የተዘረጋ ጨርቅ በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኝዋ መርፌ ትስባለች። ሲሚንቶው በዝናብ ብዛት ጠቁሯል። የታክሲ ረዳቶች እግሯ ላይ ተቀምጠው ሒሳብ ይከፋፈላሉ፤ አንዲት ሸማኔ ሠፈር የምትሄድ ሴት ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ታክሲ ትጠብቃለች። ጨርቁን የያዘችው ግራ እጅ ላይ፣ ከማርያም ጣት ቀጥላ ካለችው ትንሽ ጣት ጎን፣ ሌላ ከእርሷም የምታንስ ጣት ጎንበስ ብላ ጨርቁን ታግዛለች። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከምረቃው ቀን ጀምሮ በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሱቆቹ ያዞሩ ስለ ነበር፣ ሐውልቷ እንደዚህ ያማረች መሆኗን ገና አሁን አዩ።

ድራፍት ቤቱ ጠባብ፣ ረጅምና ጨለም ያለ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ በኖራ «ጃምቦ 75» የሚል ጽሑፍ፣ ያለ ድምፅ የሚጫወት የእግር ኳስ ቴሌቪዥን። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ቤት ደጃፍ ተሻግረው አያውቁም። ሲገቡ ወሬው ቆመ። ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ራሱ በራ ያለ፣ ሆዱ ከቀበቶው ያለፈ ሰው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«ቲቸር!»

ለጥቂት ጊዜ ትክ ብለው አዩት። «ፍሮምሳ። አራተኛ ለ።»

«ኧረ ቲቸር፣ አስታወሱኝ!»

«የደበቅኸውን አውጣው፤ ይደፋል።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ፍሮሜ፣ ተንበርከክ!» አለ አንዱ። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና በሉት!» አለ ሌላው። ፍሮምሳ ጃምቦውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ አርባ ሰባት ዓመት እንዳልሞላው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የመጡበትን በአጭሩ ነገሩት። ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሽ ሚሳኤል? እሱ እኮ አይጠጣም ነበር፣ ቲቸር። እዚያች ወንበር ላይ አንዲት ለስላሳ ይዞ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። እጅ ነው የሚያየው። የሰው እጅ ጠባዩን የሚያወጣው ብርጭቆ ሲይዝ ነው ይለን ነበር። የእኔን እጅ ስሎ ‹ይህ እጅ ይፈራል› አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ያኔ ከሥራ ሊያባርሩኝ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በኋላ ሰክሬ ነው አለ ሲባል ሁላችንም ገርሞናል። ግን ራሱ ካለው ማን ይከራከረዋል? እኔ መጥቼ ልመስክርለት?»

«ስንት ጠጥተሃል?»

«ሁለት ብቻ።»

«ሁለት ጃምቦ የጠጣ ምስክር ስለ ስካር ሲናገር ማን ይሰማዋል፣ ልጄ?»

ፍሮምሳ አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎም ፊቱ በራ። «እንግዲያው መካኒሳ አቦ፣ ብሩኬ ግሮሰሪ ይሂዱ። ጋሽ ሚሳኤል የሰው እጅ በጀሶ ቀርጾ የሚያስቀምጠው እዚያ ነበር። ጀሶ አይጠጣም።» አጅቦ ታክሲ አስያዛቸው፤ ሃያ ብሩን ሊከፍልላቸው ሲል በዓይናቸው ከለከሉት።

ብሩኬ ግሮሰሪ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ አጥር የተከለለ ግቢ ነው። መግቢያው ላይ አንገቷን መለስ አድርጋ የቆመች የሲሚንቶ አጋዘን አለች፤ አንደኛውን ቀንዷን የቢራ ጫኝ መኪና ሰብሮባታል፤ በቀረው ላይ ጃኬት ተሰቅሎበታል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የወንድማቸውን ሥራ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ልጅ ሳለ በእናታቸው ጓሮ ከጭቃ የሚሠራት ጥጃም እንዲሁ ወደ ኋላ ትመለከት ነበር። ከውስጥ፣ ከባንኮኒው በላይ ባለው መደርደሪያ፣ በጠርሙሶቹ መካከል ዘጠኝ ያህል የጀሶ እጆች ተደርድረዋል። አንዱ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ አንዱ የሲጋራ ፓኮ እንዲይዝ ተደርጓል፤ አንዱ ደግሞ ብርጭቆ ማድረቂያ ፎጣ ለብሷል። የቤቱ ባለቤት ብሩኬ፣ ቀጭን፣ ሽሮ መልክ ሹራብ ያጠለቀ ሰው፣ ማን መሆናቸውን ሲነግሩት ወንበር አቀረበ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሳይቀመጡ ፎጣውን አነሡት። ከሥሩ የወጣው ግራ እጅ ስድስት ጣት ነበረው። ጀሶው በሕያው እጅ ላይ ተለብጦ የተገለበጠ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም፤ የቆዳው ሽብሽብ፣ የጥፍሮቹ ጠርዝ፣ በአመልካች ጣት ጫፍ ላይ መርፌ ደጋግሞ የወጋቸው ነጠብጣቦች ሳይቀሩ ይታያሉ። ስድስተኛዋም ጣት የራሷ አንጓ፣ የራሷ ጥፍር አላት። እንዲህ ያለ እጅ በስካር አይፈጠርም። እንዲህ ያለ እጅ ያላት ሴት ነበረች ማለት ነው። የቀረበላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እሱን ይተዉት፣ እትዬ» አለ ብሩኬ። «ለዚህ ነው በፎጣ የምሸፍነው። ሚሳኤል አስምሎኛል።»

«ለምን?»

«የእጁ ባለቤት እንዳትታወቅ። ሐውልቱ የተመረቀ ዕለት ሕዝቡ ጣት ቆጥሮ ሲስቅ፣ አንዳንዱም ‹ይቺ ሴት ማን ናት?› እያለ ዙሪያውን ሲፈልግ፣ ልጅቷ እዚያው ሰው መሀል ቆማ ነበር። እሱ ሲያያት ጊዜ ‹ማንም አይደለችም፤ ሰክሬ ነው› አለ። በቃ፣ ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። እሷን የፈለገ አልነበረም።» ብሩኬ ባንኮኒውን ያለ ምክንያት ወለወለ። «ይህን ለሰው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ለእርስዎ የነገርኩዎት እኅቱ ስለ ሆኑ ነው።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዕድሜያቸውን በሙሉ ውሸት ውሸት ነው፣ ትንሽና ትልቅ የለውም ብለው አስተምረዋል። ወንድማቸው ዋሽቷል። በራሱ ላይ ዋሽቶ፣ የዋሸበትን ዋጋ አሥራ አንድ ዓመት ከፍሏል፤ ከዋጋውም ከባዱን ክፍል ያስከፈሉት በአንድ ጠረጴዛ የሚበሉት እኅቱ ናቸው። ይህን የት መዝገብ ውስጥ እንደሚያስገቡት አላወቁም።

«ይውሰዱትና ያሳዩአቸው» አለ ብሩኬ በመጨረሻ። «ስም አይጥሩ እንጂ ማን ያውቃታል?»

«ስድስት ጣት ያላት የስፌት ሠራተኛ ነበረች ካልኩ ስም መጥራት ነው። የሰውን እጅ ከባለቤቱ ሳላስፈቅድ አደባባይ አላወጣም። የት ነው ያለችው?»

ብሩኬ ተጨነቀ፤ በመስኮት አየ፤ ጣቶቹን አጣምሮ ፈታ። «ፉሪ ነው። ከሐና ማርያም አለፍ ብሎ። ጸደንያ ትባላለች፤ ከፋብሪካው ወጥታ የራሷን ግሮሰሪ ከፍታለች።»

ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የእጁን ቅርጽ በፎጣው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ሁለት ታክሲ ቀያይረው ፉሪ ደረሱ። አዳዲስ ቤቶች ገና ልስን ሳይለብሱ የቆሙበት፣ አቧራው ያልረጋ ሰፈር ነው። የጸደንያ ግሮሰሪ አራት ጠረጴዛ ብቻ አለው፤ የምሳ ሰዓት ስለ ነበር ሁሉም ተይዟል። በሽሮ ሽታ መካከል አናጢዎች፣ ዱቄት የሚመስል አቧራ የለበሱ ለሳኞች፣ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ተቀምጠዋል። ጸደንያ አርባ ዓመት የሆናት፣ ፈገግታዋ ፈጣን፣ እርምጃዋ ከፈገግታዋ የፈጠነ ሴት ናት። ሰሐንም ጠርሙስም የምታቀርበው በቀኝ እጇ ነው፤ በግራ እጇ የታጠፈ የወጥ ቤት ጨርቅ ደርባ ይዛለች። ጨርቁ ከእጇ ለአፍታም አይለይም።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የሚሳኤል እኅት መሆናቸውን ሲነግሯት ፈገግታዋ ጠፋ። ከባንኮኒው ጀርባ፣ በቢራ ሳጥኖች መካከል ወንበር ሰጠቻቸው። ነገሩን ከጀመረበት እስከ ደረሰበት በጥሞና ሰማች።

«የሐውልት ጣት ማን ይቆጥራል ብለን ነበር» አለች ድምፅዋን አጥፍታ። «እሱ ‹እጅሽ እንዳለ ካልሆነ አልሠራም› አለኝ፤ እኔም ሳቅሁና እሺ አልኩት። ስንት ሐውልት አለ፣ ቆጥሬ አውቃለሁ? እነዚህ ረዳቶች ግን ሥራ ፈተው ሲቀመጡ ሁሉን ይቆጥራሉ። ያን ቀን አንዱ ‹ስድስት!› ብሎ ሲጮህ አለቃዬ ዞራ ነው ያየችኝ። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ትርፏን ጣት እንድትወድቅ በክር አስራት እንቢ ብላት፣ ‹ሰው አታሳዪ› እያለች ነው ያሳደገችኝ። እትዬ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ በዚያ አደባባይ አልፌ አላውቅም። ለሰው ፊት እንዴት እወጣለሁ? እነሱ ያንሷት። እኔም ባነሣት ደስ ይለኝ ነበር።»

«መብትሽ ነው» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። ቦርሳቸውን ከፍተው የጀሶውን እጅ ከነፎጣው አወጡና ጭኗ ላይ አኖሩላት። «ይህ ያንቺ ነው። ማንም ዘንድ ያላንቺ ፈቃድ መቀመጥ የለበትም። ወንድሜ ዝም ብሎ ኖሯል፤ እኔም ዝም ማለት እችላለሁ።»

ቃላቸው ከጸደንያ አልፎ ሽማግሌው ጠራቢ ጆሮ ደርሶ ነበር። ሰውየው ጎርሶ የተረፈውን ሽሮ እየጠረገ፣ ዞር ሳይል፣ «ጸዲ፣ እኛ እኮ እናውቃለን» አለ።

ጸደንያ ደነገጠች። «ምኑን?»

«ጣትሽን ነዋ። ቤቱን የከፈትሽ ሳምንት ነው የቆጠርናት።»

«ጨርቁ የወደቀብሽ ቀን» አለ አንዱ ለሳኝ ከጥግ። «ቢራ ስትከፍቺ።»

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን አላላችሁኝም?»

«አንቺ ስላላልሽን» አለ ሽማግሌው። «ሰው የሸፈነውን ማን ይገልጣል? ይልቅ ያ ጨርቅ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ እሱን ብትጥዪልን ደስ ይለናል።»

ቤቱ ሳቀ፤ የምረቃውን ቀን ዓይነት ሳቅ ግን አልነበረም። ጸደንያ አልሳቀችም። የጀሶውን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ደነዘዘች ቀረች። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰባት ሰዓት ተኩል። አላባበሏትም፣ አልመከሯትም፤ በሥራ ዘመናቸው ካደረጉት ሁሉ ይህ ዝምታ ይበልጥ ከበዳቸው። ትከሻዋን ነካ አድርገው ወጡ። ባዶ እጃቸውን ወደ ታክሲው ማቆሚያ እየሄዱ፣ ለአቶ ዳኜ ምን እንደሚሉ አሰቡ። «ማስረጃ አግኝቻለሁ፤ ላሳያችሁ ግን አልችልም» ይላሉ፤ ይሥቁባቸዋል። ይሁን። ወንድማቸው አሥራ አንድ ዓመት ተሥቆበታል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ እሳቸውም ይችሉታል።

ታክሲው ሊንቀሳቀስ ሲል በሩ እንደገና ተከፈተ። ጸደንያ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ግራ እጇ ባዶ ነበር፤ ጭኗ ላይ አኑራዋለች።

«ቤቱን ለማን ተውሽው?»

«ለእነሱ። ሽማግሌው ገንዘብ ይቀበላል።» እጇን አየት አደረገችና፣ «ስሜ ግን እንዳይጻፍ» አለች።

ጎዳናው ተጨናንቆ ስለ ነበር አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት አልፎ ሃያ ደቂቃ ሆኗል። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከታክሲው ሲወርዱ መጀመሪያ ያዩት ሐውልቷ ላይ የተደገፈውን መሰላል ነው። ኢስማኢል የሚባለው ግንበኛ መካከለኛው ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ መዶሻውና መሮው ጭኑ ላይ ናቸው። ከታች አቶ ዳኜና ሁለት የኮሚቴ አባላት ቆመው ያነጋግሩታል። ጣቷ በቦታዋ ናት።

«ጋሼ፣ እኔ ለሥራ ሰንፌ አይደለም» ይል ነበር ኢስማኢል። «ወጥቼ አይቻታለሁ። እርስዎ ስህተት ነው ይላሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶ ለስኛለሁ፤ ስህተት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስህተት ጥፍር አያወጣም። ይቺን ሰውየው ከሌሎቹ አብልጦ ነው የደከመባት። ጤነኛ ጣት ቁረጥ ካሉኝ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ኢስማኢል፣ ቃለ ጉባኤ አለ እኮ!»

«ቃለ ጉባኤው ራሱ ይውጣና ይቁረጣት።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ጸደንያ ቀደመቻቸው። ማንንም ሳታይ፣ በአቶ ዳኜና በመሰላሉ መካከል አልፋ፣ ረዳቶቹ ከተቀመጡበት የሐውልቷ እግር ላይ ወጣችና ግራ እጇን ጨርቁን በያዘው የሲሚንቶ እጅ ላይ አስደግፋ ዘረጋችው። አንጓ ለአንጓ፣ ጥፍር ለጥፍር ተገናኙ። ረዳቶቹ ጩኸታቸውን አቆሙ። አንዱ «ስድስት» አለ፤ በሹክሹክታ ነበር የተናገረው። ዘንቢል የያዘች አንዲት እናት ጠጋ ብላ፣ የሲሚንቶውንም የሥጋውንም እጅ ካየች በኋላ፣ «ምን ያለች ባለሙያ እጅ ናት» አለች። ጸደንያ ይህን ስትሰማ ነው እንባዋ የመጣው። እጇን ግን አላነሣችም።

አቶ ዳኜ መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደ ባንክ ፊርማ፣ አንዱን ከሌላው ጋር እያስተያዩ በጥንቃቄ ተመለከቱ። ከዚያም ቃለ ጉባኤውን ከአቃፊው አውጥተው መሰላሉ ላይ አስደግፈው፣ ስካር የሚለውን ቃል በሁለት መስመር ሰረዙና ከጎኑ እያነበቡ ጻፉ፤ «ጣቲቱ ከባለቤቷ እጅ ጋር ተመሳክራ ትክክል ሆና ስለ ተገኘች ባለችበት ትጽና።» ወደ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዞረውም፣ «ሚሳኤልን እኔ ራሴ መጥቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አሉ።

«እሱን መጀመሪያ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። «እርስዎ ነገ ይምጡ።»

ቤታቸው ሲደርሱ ሚሳኤል የጠዋቱን ማስቀመጫዎች ከቅርጻቸው እያላቀቀ በውሃ ያርሳቸው ነበር። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነጠላቸውን አውልቀው፣ ጓሮ ያለችውን የእንጨት ዱካ ስበው፣ ልብሳቸው ሲሚንቶ እንዳይነካው ሳይጠነቀቁ አጠገቡ ተቀመጡ። በዚያ ጓሮ ተቀምጠው አያውቁም። እሱም ይህን ስላወቀ እጁ ቆመ።

«ጣቷ አልተነካችም። ቃሉም ተሰርዟል» አሉ።

«ማን ሰረዘው?»

«ራሷ መጣች።»

ሚሳኤል የውሃውን ጆግ መሬት ላይ አኖረ። «ጸደንያ? በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት። እጇን ይዛ።»

ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ሲሚንቶው ቅንድቡ ላይ ቀረ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ መንገድ ላይ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ መግቢያና መደምደሚያ ያለው፣ የራሳቸውን ጥፋት በየተራው የሚያስቀምጥ። አንዱም አልመጣላቸውም።

«ዋሽተኸኛል» አሉ።

«ዋሽቼሻለሁ።»

«እኔም አምኜሃለሁ። ያንተ ውሸት ቀላሉ ነው፤ የከፋው የእኔ ማመን ነው። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ሚሳኤል መልስ አልሰጠም። ይህ ዝምታ ግን ከለመዱት የተለየ ነበር፤ የሚናገረውን የሚፈልግ ሰው ዝምታ ነው። እሳቸውም አላስቸኮሉትም። የረጠቡት ማስቀመጫዎች ቀስ በቀስ እየነጡ ሲደርቁ ሁለቱም ይመለከቱ ነበር።

«የብሩኬን አጋዘን አየሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሌሎቹ የት የት ናቸው? የሠራኻቸው።»

«ምን ይሠሩልሻል፣ እታለም? የተበታተኑ ናቸው። አንዱ ሳሪስ፣ ሆቴል በር ላይ ያለው አንበሳ ነው። ጎፋ አንድ ጠጅ ቤት ግቢ ውስጥ ዋሽንት የሚነፋ ሽማግሌ አለ። ቄራ አካባቢም ሁለት አሉ፤ አሁን ይኑሩ አይኑሩ እንጃ። የሚበዙት ግሮሰሪ ውስጥ ናቸው።»

«ነገ በማለዳ እንሂድ። አንድ በአንድ ታሳየኛለህ።»

ሚሳኤል ቀና ብሎ አያቸውና፣ ከሆዱ ሳቀ።

«ግሮሰሪ በማለዳ አይከፈትም እኮ።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አሰቡ። ልክ የትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል እንደሚያወጡ ሁሉ ቅንድባቸውን ሰብስበው አሰቡ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ከምሳ በኋላ።»